ሐምሌን በሙሉ ሞቼ ነበር

ዛሬ የደረሰብኝን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ማስረጃ እጠይቀው ነበር። እናንተ ግን ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። ማስረጃው በራሴ እጅ እዚሁ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ከሐምሌ ጀምሮም ላይክ ስታደርጉት ከርማችኋል።

እንደምታውቁት (ደጋግሜ ስለነገርኳችሁ ታውቃላችሁ) በዚህ ሰመር ብቻዬን ጃፓን ሄጄ ነበር። ከአንዱ ከተማ ፌስቲቫል ወደ ሌላው። ከበሮ፣ የወረቀት ፋኖስ፣ ወንዝ ዳር የሚተኮስ ርችት፣ ሽሮፕ የፈሰሰበት የተፋቀ በረዶ። ዩካታ የሚባለውን ስስ የሰመር ልብስ ገዝቼ በየፌስቲቫሉ እሱን ለብሼ ዞርኩ።

የሱቁ ሻጭ "እኔ ላልብስሽ?" ስትለኝ "አመሰግናለሁ፤ ስለ አለባበሱ አንብቤያለሁ" አልኳት።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ጉዞው እጅግ ያማረ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ርችቱ ሲፈነዳ ሰው ሁሉ ወደ ጎኑ ዞሮ "አየኸው?" ይላል። እኔም ዞርኩ። አጠገቤ የቆመው የለስላሳ መሸጫ ማሽን ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰመር ጓደኛዬን አስቴርን ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። አስቴር እዚሁ ጆርጂያ፣ ታከር ውስጥ ፀጉር ቤት አላት፤ ከጓደኞቼም የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ የራቁኝ ስለማርማቸው ነው። ተሳስተው ነበር፣ አረምኳቸው፣ ራቁኝ።

አስቴር ግን "ካንቺ ጋር? አንድ ሆቴል ሩም ውስጥ? እስቲ ላስብበት" ብላኝ ሳታስብበት ከረመች።

ዛሬ አቮንዴል እስቴትስ አጠገብ ባለ ፓርክ ጃፓኖች አነስ ያለ የሰመር ፌስቲቫል ነበራቸው። አስቴርን ከነእናቷ ጋበዝኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ከበሮውን ትሰማለች፣ ፋኖሱን ታያለች፣ እኔን በዩካታ ታየኛለች፣ "እሺ፣ እሄዳለሁ" ትላለች።

"የባህል ልብስ ልበሱ" ብዬም ቴክስት አደረግኩ።

መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትወርድ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ነጠላዋ ላይ ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቷ ዙሪያ ተጠምጥሟል።

"ነጠላሽን አዘቅዝቀሽዋል" አልኳት። "ማን ሞቶብሽ ነው?"

"የመኪናው ኤሲ አብርዶኝ ነው ባክሽ" አለች። ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተችኝና "ለጊዜው ማንም" ብላ ጨመረች።

እናቷ እማማ ዘነበች በበኩላቸው ልብሴን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው "ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ፒጃማ ነው?" አሉ።

ማብራሪያ ሰጠኋቸው። ረዘም ያለ ማብራሪያ ነበር። አንድ ሕዝብ ልብሱን በየትኛው በኩል እንደሚደርብ ሳናውቅ ብንለብሰው፣ ተሸፈንንበት እንጂ ለበስነው አይባልም አልኩ።

ይህችንም ያዙልኝ።

መግቢያው ላይ እንግዳ የሚቀበሉት አንዲት ጃፓናዊት አዛውንት ነበሩ። ፊቴን አላዩም። ደረቴን ነው ያዩት።

"ሃኒ" አሉኝ፣ እዚሁ ጆርጂያ በተለመደው ጎተት ባለ እንግሊዝኛ። "ቀኙን በግራው ላይ ደርበሽዋል።"

"አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም ነበር።

"እንደሱ አድርገን የምናለብሰው ሬሳ ነው።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ቢኖርበት እመርጥ ነበር።

እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ሆነ? መጽሐፉ ላይ ፊቷን ወደ እኔ ያዞረች ሴት ሥዕል ነበር። እሷንና መስታወት ውስጥ ያለችውን ሴት አስተያየሁ። ፍጹም ተመሳሰሉ። ስህተቱም ይኸው ነው፤ መስታወት ቀኝን ግራ አድርጎ ያሳያል። (በትክክል ለመናገር መስታወት የሚያገላብጠው ፊትና ኋላን ነው፤ ዛሬ ግን ሰው የማርምበት ሞራል የለኝም።)

ኬኔሶ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የብርሃን ነጸብራቅ የምወደው ምዕራፍ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ካነበባችሁ፣ ፈተናው አልተቀየረም።

እዚያው በሩ ላይ ቆሜ የሐምሌ ትዝታዎቼ አንድ በአንድ ትርጉማቸው ተቀየረ።

ደረቴን እየጠቆሙ የተከተሉኝ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ። ጨርቁን ያደነቁ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አመስግኜ እርምጃዬን አፈጠንኩ። እነሱም አፈጠኑ። ባቡር ውስጥ ከፊቴ ብድግ ብሎ ወንበር የለቀቀልኝ ሰውዬ ነበር። እኔን አይታ የእናቷ ቀሚስ ሥር የተሸጎጠች ሕፃንም ነበረች።

ፎቶዬ ሥር ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታስታውሳላችሁ? "ጃፓናውያን ልብሳቸውን በወጉ ለብሶ የመጣን እንግዳ ዝቅ ብለው ይቀበሉታል።"

ሟችንም ዝቅ ብለው ነው የሚሸኙት።

ገና አላለቀም። የዚህ ፌስቲቫል ዋና ጭፈራ ለምን እንደሚጨፈር እዚሁ ገጽ ላይ ነግሬያችሁ ነበር። የሞቱ ዘመዶች ነፍስ በዓመት አንዴ ወደ ቤት ይመጣል ተብሎ በሚታመንበት ሰሞን፣ እሱን ለመቀበልና ለመሸኘት ነው።

አስቴር የአዛውንቷንም ቃል፣ ገጼ ላይ ያነበበችውን የጭፈራውንም ምክንያት ለእናቷ አስተረጎመች። ምንም ሳታስቀር።

እማማ ዘነበች አጥሩን ይዘው ሳቁ። "በስመ አብ! ሰው ተዝካሩን ሊበላ በእግሩ ሲመጣ በዚህ ዕድሜዬ አየሁ" አሉ።

አዛውንቷ መቀነቴን ፈትተው እንደገና ሊያለብሱኝ ጀመሩ። ከውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሼ ስለነበር "እዚህ አይሆንም" ብዬ ማምለጥ እንኳን አልቻልኩም። እጆቼን እንደሚፈተሽ ሰው ዘርግቼ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ። በመካከሉ ከውስጥ አንድ ሰው በጃፓንኛ ተጣራ። አዛውንቷም "ሃይ! ሃይ!" ብለው መለሱ።

የእማማ ዘነበች ፊት በራ።

"እሰይ። ሃይ ባይ ተገኘላት።"

"እማማ፣ በጃፓንኛ ሃይ ማለት አዎ፣ እሺ ማለት ነው" አልኩ፣ እጆቼ እንደተዘረጉ።

"እዩዋት፣ ዛሬም ታርማለች" አሉ። "እሺ፣ እሺ ስንልሽ አይደል እዚህ የደረስሽው?"

ይህን አላረምኩም። ከፈለጋችሁ ይህንን ታሪካዊ ቀን ብላችሁ መዝግቡት።

ከዚያ በኋላ ነፍስ ዘርቼ ገባሁ። እማማ ዘነበች ፍልሰታን ስለሚጾሙ "ወተት የለበትም?" ብለው ሦስት ሰው ጠይቀው የተፋቀውን በረዶ ያዙ። አስቴርና እኔ ክቡ ውስጥ ገብተን ከሕዝቡ ጋር እያጨበጨብን ዞርን። አስቴር እጇን በተሳሳተ ጊዜ ታነሳ ነበር።

አየሁ። ዓይኔን ከእጇ ላይ አንስቼ ማጨብጨቤን ቀጠልኩ።

"ሪላክስ አድርጊ እንጂ" አለችኝ። "አንዴ ሞተሻል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣብሻል?"

ከመግቢያው ጀምሮ መሳቋን አላቆመችም ነበር። አብራኝ ስትስቅ የሰማሁት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ልነግራት ያላሰብኩትን የነገርኳት። ስለ ርችቱ። ዞር ስል ስላገኘሁት ማሽን። ሳንቲም ስከትለት በሴት ድምፅ እንዳመሰገነኝና በዚያ ምሽት ያነጋገረኝ እሱ ብቻ እንደነበር።

ሳቋን አቆመች።

ፋኖሶቹ በርተው ነበር። አስቴር ጠጋ ብላ የዩካታዬን አንገትጌ አስተካከለች፤ በትክክለኛው በኩል መሆኑን አረጋግጣ።

"ለሚቀጥለው ሐምሌ" አልኳት፣ "አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

"ሃይ" አለች።

ከበሮው ተመታ፣ ክቡ ዞረ፣ እሷም ተሽከርክራ ሄደች።

አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ። ዩካታው ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የሐምሌ ፎቶዎቼን አላጠፋቸውም፤ ነፍስ ይማር ለማለት የምትፈልጉ ኮሜንቱ ክፍት ነው። አስቴርን ቴክስት አድርጌ ልጠይቃት ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ።

ሃይ ያለችኝ በጃፓንኛ ነው ወይስ በአማርኛ?