ቅዳሴ እስኪወጣ የጠበቀው ጎረቤቴ

ልጅን በሃይማኖት ማሳደግ ቀላል ነው የሚሉህ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ገና ያልወለዱና አሳድገው የረሱ። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይባላል። ንፍጡስ ይጠረጋል፤ ከነጥያቄው መውደዱ ነው ጭንቁ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሰብለ «እግዚአብሔር ጠዋት ምን ይበላል?» ብትለኝ፣ ተሳስቼ እንዳላሳስታት ፈርቼ «የንስሐ አባታችንን እንጠይቃለን» አልኳት። እሳቸው ሲመጡ እሷ ረስታዋለች። እኔ አልረሳሁትም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ፍልሰታ ሲገባ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ሌላውን ጾም የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ «ልቆርብ ነው» እያሉ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምሱም። ባዝዛት ትማረራለች፣ ባላዝዛት ትሰንፋለች እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ ሰብለ ቀድማኝ «እጾማለሁ» አለች። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሰጋሁ። አንድ ቀን ረኀብ አሸንፏት ብትገድፍና ብታፍር፣ ቤተ ክርስቲያን ማለት ረኀብና እፍረት ብቻ ቢመስላትስ?

ለስጋቴ ምክንያት ነበረኝ። አጥር የምንጋራው መምህር ቶሎሳ ከወለጋ የመጣ ፕሮቴስታንት ነው፤ ልጁ ሌንሳና ሰብለ ደግሞ አይነጣጠሉም። እነሱ ቤት በነሐሴም እንቁላል ይጠበሳል። ሽታ አጥር አያውቅም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወደ ቅዳሴ ልወስዳት ብፈልጋት ሰብለ የለችም። እነ ሌንሳ ቤት ስገባ ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው አንድ ሳህን እንቁላል ፍርፍር።

«በላሽ እንዴ?» አልኳት፣ ግድ የሌለኝ ለመምሰል እየሞከርኩ።

«ምን በወጣኝ!»

«እንኳን መጣህ ወንድሜ» አለ ቶሎሳ። «ልጅህ ልጄን አስጾመችብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ያንን ሳህን አሞቃለሁ፣ ይቀዘቅዛል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። «የፈሩት ይደርሳል» ያለው ሰው በማን ላይ እንደሚደርስ አልነገረንም። በልጄ እምነት ገባችሁብኝ እንዳይለኝ ሰግቼ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጁን አወዛወዘ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ጾሙ ሲገባ ሌንሳን ‹ሰብለ ፊት እንዳትበዪ፣ ታስጎመጂያታለሽ› ብዬ መከርኳት። አንተን እንዳላስቀይም ብዬ። ሰብለ ደግሞ ከዚህ አልሄድ አለች። አሁን እኔው ብዪ ብላት እንቢ አለችኝ።»

ለካ በአጥሩ ማዶም እንደኔ የሚሰጋ አባት ነበር።

«በይ፣ ሰብለ ልትሄድ ነው፤ አሁን ብዪ» አላት።

«ስትመለስ አብረን» አለች ሌንሳ። ዓይኗ ግን ከሳህኑ አልተነሣም።

ሰብለ ቆረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ እጄን ይዛ ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቶሎሳ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ሌንሳን ይዞ ቆሟል።

«ቆረበች?»

«ቆረበች።»

«ጌታ ይመስገን» አለ፣ ከልቡ።

ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊታችን ወደ ቤት ሮጡ። እኛም ባንድ ጃንጥላ ሥር ተጠግተን ተከተልናቸው። ያን ቀን ቅዳሴው ቶሎ እንዲወጣ ከቶሎሳ የበለጠ የጸለየ ሰው፣ ከቅጥሩ ውስጥም ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።