ጋሽ ሀምዱ ውኃ ሲመርጡ

ውኃ ባለበት አገር ሁሉ፣ እግራቸውን ሳያረጥቡ ስለ ውኃ የሚያስተምሩ አንድ ሰው አይታጡም። በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ ላይ ይህን ሥልጣን ይዘው የነበሩት ጋሽ ሀምዱ ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም። ቀበሌው አልሾማቸውም፣ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበርም አልመረጣቸውም፤ ሙያቸው ልብስ ሰፊነት ነው። የስፌት መኪናቸውን የተከሉት ግን አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ ስለሆነ፣ ከደሴ የመጣውም ከወልድያ የወረደውም እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ሐይቁን ሳይሆን እሳቸውን ነበር።

እንግዳው ሻንጣውን ገና ሳያሳርፍ ጋሽ ሀምዱ መኪናቸውን ያቆሙና «አብሽር፣ አረፍ በል። በማን ጀልባ ልትገባ ነው? የትስ ልትዋኝ?» ይላሉ። እንግዳው ማንንም ቢጠራ፣ የትም ቢል፣ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ተው ልጄ። ውኃ እንደ አማት ቤት ነው፤ ሰተት ተብሎ አይገባበትም። እኔ ልምረጥልህ፤ ኋላ ትመርቀኛለህ።»

ከዚያ ምርጫው ይጀመራል። ሲጀመር ያየ ብዙ ነው፤ ሲያልቅ ያየ ግን ጥቂት ነው።

ያኔ ሐይቁ ላይ ሰው የሚያሳፍሩ ሦስት ነበሩ። አንዱ ባለታንኳው አብተው ነው። ጋሽ ሀምዱ ስለ እሱ ሲጠየቁ «አብተው ሲቀዝፍ ያንጎራጉራል። የሚያንጎራጉር ሰው ነፋስ ሲነሣ አይሰማም» ይላሉ። ሁለተኛው የእንጨት ጀልባ ያለው ኑርዬ ነው። «ኑርዬ ደግሞ ቃል አይተነፍስም። ዝም የሚል ሰው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?» ሦስተኛዋ የማኅበሩ ጀልባ ናት። ስለ እሷ ሲያወሩ ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «የሁላችንም ናት ተብሏል። የሁሉ የሆነች ጀልባ ብትቀደድ ማን ይደፍናታል?»

የመዋኛ ቦታውም ያው ነው። ዋርካው ሥር ጭቃ ይበዛል። ሸንበቆው ዳር አልቅት አይጠፋም። ከብት ማጠጫው ላይ ከብት አለ። ወደ ገዳሙ ወገን ሴት ስለማታልፍ ሚስት ይዞ ለመጣ አይሆንም። ምናልባት አርዲቦ ሐይቅ ይሻል ይሆን ብሎ የጠየቀ ካለ፣ አርዲቦ የራሱ አዋቂዎች አሉት፣ ጋሽ ሀምዱ በሰው ግዛት አይገቡም። በሃያ ዓመት ውስጥ እንከን ያላወጡለት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ጥቁር ድንጋይ ነው። ወደ ውኃው ገባ ያለ ሰፊ አለት ነው፤ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ የአገሩ ጎበዝ ከላዩ ዘሎ ይጠልቅበታል። «ጥቁር ድንጋይማ ወላሂ እንከን የለውም» ይላሉ። እንግዳ ግን ወስደውበት አያውቁም። ለእሱ የሚመጥን ዋናተኛ አልመጣም።

አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጆቻቸውን ይዘው በጠዋት መጡ። ጋሽ ሀምዱ ከበረንዳው ተነሥተው መሩ፤ ዳርቻውን ሲዞሩ፣ ነፋስ ሲለኩ፣ ቀዛፊ ሲመረምሩ ዋሉ። ማታ ልጆቹ ሆቴሉ ግቢ በባልዲ ታጥበው ወደ ኮምቦልቻ ተመለሱ። ሌላ ጊዜ የወጣት ማኅበሩ የዋና ውድድር ሊያዘጋጅ ብሎ እሳቸውን አማከረ። እስኪመረጥ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች፣ ውድድሩም ወደ ሩጫ ተለወጠ። ጋሽ ሀምዱ ግን በዚህ ሁሉ ቅር ብሏቸው አያውቅም። በቀበሌው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ሁሉም እየተነሣ ጥፋቱን ሲዘረዝር፣ ተራው ሲደርሳቸው ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡና «ጓዶች፣ የኔ ጥፋት ያልሰማኝን ሰው ቶሎ ይቅር ማለቴ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ምን ብሎ እንደሚመዘግብ ጨነቀው።

ወይኒቱ በእኚህ ሰው እጅ የወደቀችው በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ከተዳረች በሳምንቷ ነው። ባሏ ፈንታሁን ደሴ የሚያስተምር መምህር ነበር። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ስሙ ወጥቶ፣ ከመሄዱ በፊት የተረፋቸው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ዓርብ ደርሰው እሑድ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊመለሱ። ወይኒቱ ከታጨች ጀምሮ ስታስበው የኖረችው ይህንኑ ነው። በጀልባ ሐይቁ መካከል ሊገቡ፣ ከዚያም ፈንታሁን በየደብዳቤው እንደጻፈላት ዘሎ ጠልቆ ከሥር ጠጠር ሊያወጣላት። ጠጠሩን የምታስቀምጥበትን ሙዳይ ሳይቀር ይዛ መጥታለች።

ፈንታሁንም በረንዳው ላይ፣ ሻይ ይጠጡ በነበሩ ሰዎች ፊት፣ ይህንኑ ደገመው። «እኔ ቦርከና ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ቦታውን ብቻ አሳዩኝ» አለ።

ጋሽ ሀምዱ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደ ዳርቻው ወስደው አስጎበኙት፤ ሲመለሱም ለአንዱም ቦታ እንከን አላወጡም። ይህ ራሱ በከተማው ያልተለመደ ነገር ነበር። ቆይተው «ዛሬ አይሆንም፤ ነፋሱ አልጠራም» አሉ።

ዓርብ በነፋስ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት አብተው ተመረመረና ወደቀ፤ ከሰዓት በኋላ ዋርካው፣ ሸንበቆው፣ ከብት ማጠጫው በየተራ ወደቁ። ወይኒቱ በአዲስ ጫማዋ ሐይቁን ግማሽ ዞረችው፤ ተረከዟ ተላጠ። ከሁሉ ያናደዳት ደግሞ ባሏ ነው። ያ የቦርከና ጎበዝ ጋሽ ሀምዱ በከለከሉ ቁጥር «እሳቸው ያውቃሉ፣ እንስማቸው» ይላል።

«አንተ ሰው፣ ሚስትህ እሳቸው ናቸው ወይስ እኔ?» አለችው ቅዳሜ ማታ።

«ሽማግሌ አይጣስም» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

እሑድ በጠዋት ወይኒቱ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ቆመች። አውቶቡስ ጠባቂው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ።

«ጋሽ ሀምዱ፣ እንደ አባት አክብሬዎት ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን እንገባለን። ዓመት ይሁን ዕድሜ ሳላገኘው የምኖር ባል ነው ያለኝ። እርስዎ እራስዎ እንከን የለውም የሚሉት ጥቁር ድንጋይ አለ አይደል? እዚያ ይወስዱናል፤ ኑርዬም ጀልባውን እዚያው ያምጣልን፣ አለቀ።»

«አበጀሽ» አለ ከጠባቂዎቹ አንዱ። ሌላው «ጋሽ ሀምዱ ዛሬ ተያዙ» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ሀምዱ የሚያወጡት እንከን ሲፈልጉ ታየባቸው። ስለ ጥቁር ድንጋይ ሃያ ዓመት የተናገሩት ምስጋና ብቻ ነው፤ ምን ይበሉ። መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተነሡ፤ አውቶቡስ ጠባቂውም ከኋላ ተከተለ።

አለቱ ላይ ሲደርሱ ኑርዬ ጀልባውን ከጎን አስጠግቶ ይጠብቅ ነበር። ፈንታሁን ሸሚዙን አወለቀ። አጠፈው። አጣጠፉ አልተስማማውም መሰለኝ፣ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፣ አወረደው፣ ሰበሰበው። ሰዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ወይኒቱም እየሳቀች አብራ አጨበጨበች። እሱ ወደ ጫፉ ሁለት እርምጃ ሄደና ወደ ታች አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ እሷን አያት፣ የተሰበሰበውንም ሰው አየ፤ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ዓይኑን ጨፈነ።

«ቁም» አሉ ጋሽ ሀምዱ።

ሁሉም ዞረ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «ይህ ድንጋይ እንከን አለው። ሥሩ የወደቀ ዛፍ አለ፣ ቅርንጫፉ እግር ይይዛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ነው የኖርሁት። አስተማሪው ጎበዝ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሳቁ ተነሣ። ጋሽ ሀምዱ ተሳሳቱ የሚለው ወሬ ሰዎቹን ቀድሞ ከተማ የገባ ይመስል ነበር። አንዱ «ግለ ሂሱን ዛሬ አወረዱት» አለ። ሌላው ደግሞ ሃያ ዓመት የመረጡት ሁሉ እንግዲህ ይመርመር አለ። እሳቸው ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ጎተት አድርገው ሳቁን ተቀበሉት።

ወይኒቱ ወደ ጫፉ ቀርባ ወደ ውኃው አጎነበሰች። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ዓይኗ እስከደረሰበት ድረስ ዛፍም ቅርንጫፍም የለም። የቱ ጋ ነው ልትል ቀና ስትል ባሏን አየችው። ሸሚዙን እየለበሰ ነበር፤ ቁልፉን ያለ ቀዳዳው ይቆልፋል። አሁን አንዲት ቃል ብትወጣት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን እንደሚሆን ገባት። ጋሽ ሀምዱም እሷን ብቻ ያዩ ነበር።

«ከታች ነው፣ ልጄ። በጣም ከታች» አሉ።

«አዎ» አለች ወይኒቱ ጮክ ብላ። «ቅርንጫፉ ይታየኛል። ትልቅ ነው።»

ሰዉ እየሳቀ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ፈንታሁን ጫማውን ሲያስር እሷ ወደ ጋሽ ሀምዱ ጠጋ አለች።

«መቼ አወቁ?»

«ዓርብ ለት። ዋና የሚያውቅ ሰው ዳር ሲቆም ውኃውን ነው የሚያይ። ባልሽ የሚያየው መውጫውን ነበር።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ነፋስ፣ ያ ሁሉ አልቅት…»

«ምን ላድርግ? ገና ሳምንታችሁ ነው። ሰው በሳምንቱ ሚስቱ ፊት አይዋረድም። እሑድ እስኪደርስ ላዳርሰው ብዬ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት እንከን አለቀብኝ።»

ወይኒቱ ሁለት ቀን በልቧ ስታብጠለጥላቸው የቆየችውን አስባ አፈረች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ከለከሏት፤ «ተዪ፣ ሰው ያያል» ብለው ወደ ጀልባው ጠቆሟት። «ኑርዬ ደህና ቀዛፊ ነው። ለስምንት ሰዓቱ ይመልሳችኋል። ሂዱ።»

ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ሐይቁ ረጋ ብሎ ነበር። የገዳሙ ዛፎች ከወዲያ ጥቅጥቅ ብለው ይታያሉ። ፈንታሁን ከፊት፣ ወይኒቱ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እሱ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው።

«ወይኒቱ።»

«አቤት።»

«እኔ መዋኘት አልችልም። ቦርከናም ከጉልበቴ አልፎ አያውቅም።»

ወይኒቱ ውኃውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ያ ከጋብቻችን በፊት የላክሁልህ ሹራብ አለ አይደል? እጅሽ ይባረክ ብለህ የጻፍህልኝ።»

«አዎ።»

«እኔ አልሠራሁትም፤ እህቴ ናት የሠራችው። እኔ ኪሮሽ መያዝም አላውቅ።»

ፈንታሁን አፍጥጦ አያት። ከዚያ ስቆ እንደማያውቅ ሰው ሳቀ፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ጠርዙን ለቀም አድርጎ እንደያዘ መሳቁን አላቆመም። እሷም ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች።

ከዳር ድምፅ መጣ። ጋሽ ሀምዱ አለቱ ላይ ወጥተው፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጣራሉ። «እናንተ ልጆች! ምን አራራቃችሁ? ጀልባ እንዲያ አይሳፈሩበትም፤ ወደ መካከል ተጠጉ!»

ኑርዬ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጀልባዋ ምንም አልሆነች፤ ባላችሁበት ተቀመጡ» አለ።

ባልና ሚስቱ ግን ቀስ ብለው ተነሥተው፣ በተመረጠላቸው ቦታ ጎን ለጎን ተቀመጡ።