የሰው ጃንጥላ የማይጠለሉት ተቆጣጣሪ

ሕግን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ አንድ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ የደረሱን ክቡርነታቸው ተቆጣጣሪው ናቸው። እኔ ውርርድ ቤት ወለል እወለውላለሁ። እሳቸው ደግሞ ለመንግሥትም ለነጋዴም አላደላም ከሚለው የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተልከው፣ ልክ ወለሉ ሳይደርቅ ይደርሳሉ።

ወንበር ቢሰጧቸው አይቀመጡም። ውሃ ቢቀዱላቸው አይጠጡም። ጤና ይስጥልኝ ሲሏቸው እንኳ መልሳቸው "ገለልተኛ ነኝ" ነው። አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

"የቤቱ ነው?" አሉኝ።

"የራሴ ነው ጋሼ።"

"አንቺስ የማን ነሽ?"

"የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ።"

"እንግዲያው ገለልተኛ ነኝ" ብለው በዝናቡ ገሰገሱ።

የግድግዳውን ሰዓት ከእጃቸው ሰዓት ጋር ያስተያያሉ። "ዕድሜው ያልደረሰ አይገባም" የሚለውን ማስታወቂያ በስንዝር ይለካሉ። ሥራ አስኪያጃችን "አማቴ እንኳ እንዲህ አልፈተሸችኝም" እያለ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል።

የራሴን ጉድ ደግሞ ልናገር። ባለቤቴ ስንት ዓመት ደመወዙን እዚሁ ቤት ሲያፈስ ኖሮ፣ አምና "ከእንግዲህ ብመጣ እንዳታስገቡኝ" ብሎ በገዛ እጁ ፈረመ። እንዲህ ያለ መዝገብ አለ፤ የፈረመን ሰው ያስገባ ቤት ይታሸጋል። ሰባት ወር ታገሠ። ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ግን በሩ ላይ ተገተረ።

"ዛሬን ብቻ ግባ፤ ማን ያያል?" አለው ሥራ አስኪያጁ።

እኔ እዚያው በሩ ሥር እየወለወልኩ ነበር። ብናገር ሥራዬ፣ ዝም ብል ትዳሬ።

ክቡርነታቸው ከባለቤቴ ጀርባ ብቅ አሉ። መዝገቡን ገለጥ አድርገው፣

"ፈርመሃል" አሉት።

"እኔው ፈረምኩ፣ እኔው ሻርኩት!"

"የፈረመው ሌላ ሰው ነው። ልቡ የሞላ ሰው። እኔ የቆምኩት ለእሱ ነው።"

"ዘመዱ ነዎት እንዴ?"

"ገለልተኛ ነኝ።"

ባለቤቴ እየተነጫነጨ ወደ ቤት ሄደ። ሥራ አስኪያጁም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ተቀበለ።

ማታ ስገባ ባለቤቴ ወር ሙሉ ተገንጥሎ የከረመውን የጓዳ በር በንዴት ይቀጠቅጣል።

"ያን ሽማግሌ መሬት ትዋጠው!"

"አሜን" አልኩት በአፌ። በሆዴ ግን፣ ሚስማሩን እያቀበልኩት፣ ለሰውዬው መቶ ዓመት ለመንኩላቸው።