የባጄ የመጨረሻ ኩክሪ

ወገኖቼ! ዛሬ በገዛ ቢላዬ ተዋረድኩ። ደም አልፈሰሰም። ቢፈስ ይሻለኝ ነበር!

ቆይ፣ በቅደም ተከተል ላስረዳ። (መምህር ነኝ፤ ሳላስረዳ መዋረድ እንኳ አልችልም።)

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ የኔፓል ቢላ እሰበስባለሁ። ኩክሪ ይባላል። ወገቡ ላይ ወደ ፊት የታጠፈ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ከሩቅ ሲያዩት ምስጢር ሊናገር ያጎነበሰ ሰው የሚመስል ቢላ ነው። ቀበና በተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ላይ ስድስት ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ከየትኛው እንጨት ወይም ቀንድ እጀታ እንደተሠራላቸው የሚያስረዳ ካርድ ለጥፌያለሁ።

አዎ፣ ካርድ። አትሳቁ!

ስድስቱም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው። ኔፓል ውስጥ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ባጄ እላቸዋለሁ፤ በቋንቋቸው አያቴ እንደማለት ነው። ያገኘኋቸው ልጃቸው ሱኒታ በምትለጥፋቸው ቪዲዮዎች ነው። ቢላዎቹን የሚያመጣልኝ ለሥራ ወደዚያ የሚመላለስ የአጎቴ ልጅ ነው፤ "አንድ ቀን ታሳስረኛለህ!" እያለ።

ባጄ ሲሠሩ ብታዩ! የአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ ይቆርጣሉ። አዎ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የሚያነጥረው ያ ብረት! እሳት ውስጥ ያግሉታል፣ ይቀጠቅጡታል፣ ያጎብጡታል።

ከዚያ እኔ የምወደው ሰዓት ይመጣል።

የሻይ ማንቆርቆሪያ ያነሳሉ። የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ አይነክሩትም፤ ቀጭን ውሃ ስለቱ ላይ ብቻ ያንቆረቁራሉ። ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባው ግን ለስለስ ብሎ ይቀራል። ለዚህ ነው ሲመቱበት የማይሰበረው። መለኪያ የላቸውም። ብረቱ ሲጮህ ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ፤ የሆነ ድምፅ ላይ ሲደርስ ያቆማሉ።

ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜም ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው።

በቅርቡ ሱኒታ ጻፈችልኝ። የባጄ ዓይን ደክሟል። አንድ ኩክሪ ብቻ ሠርተው መዶሻውን ያስቀምጣሉ። አንድ! ከየአገሩ የሚለምናቸው ሰው ብዙ ነው። እሳቸው ግን ለማን እንደሚሠሩት ለመወሰን ሁላችንንም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ "የሠራሁላችሁ ቢላ ሥራ ሲሠራ አሳዩኝ።"

ሲሠራ!

ቀና ብዬ ስድስቱን አየኋቸው። ዘይት ተቀብተው ያብለጨልጫሉ። እንኳን እንጨት፣ ዳቦም ቆርጠው አያውቁም።

ዛሬ መስቀል ስለሆነ ትምህርት የለም። ዕቅድ አወጣሁ። ግቢያችን ውስጥ ከአጥር ሥራ የተረፈ የባሕር ዛፍ ጉማጅ አለ። እሱን እቆርጣለሁ። ስልኩን ከኋላዬ እንጦጦ እንዲታይ አድርጌ አቆምኩት፤ ባጄ የተራራ ሰው ናቸው፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ። ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ። ከስድስቱ ትልቁን አወረድኩ። ቪዲዮ ኮሉ ተነሳ፤ ባጄ ብቅ አሉ፣ ሱኒታም ከጎናቸው ሆና በእንግሊዝኛ ማስተርጎም ጀመረች።

መጀመሪያ ስለ ባሕር ዛፍ አብራራሁ። (ኦፍኮርስ!) ቀጥሎ ስለ እንጦጦ። ስለ መስቀል ልጀምር ስል ሱኒታ አቋረጠችኝ።

"አባዬ 'ቁረጥ' ይልሃል።"

አነሳሁት። ስለቱ ፀሐይ ላይ አበራ። እንዴት ያምራል! ጭረት ቢያወጣስ? እቺ ሐሳብ ክንዴን ያዘችው።

ኳ!

ጉማጁ ላይ ምልክት እንኳ የለም። ደገምኩ። ኳ። ኳ።

ባጄ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው የሆነ ነገር አሉ። ሱኒታ ሳቋን ዋጠች።

"ምን አሉ?"

"'የቤቱ ሰዎች አሉ ወይ?' ይላል። በር የምታንኳኳ መስሎታል።"

ይሄኔ እትዬ ሽታዬ መጡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ የግቢያችን በር ላይ ሱቅ አላቸው። ዘንድሮ ለመስቀል አገር ቤት መግባት ስላልሆነላቸው ዘመዱ ሁሉ እሳቸው ጋ ይሰበሰባል። ክትፎ ሲከትፉ ነው ያረፈዱት።

"ቲቸር፣ ቢላዬ ዶለዶመብኝ። በእሷ ከምትጫወት ወዲህ በላት!"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የኮሌክሽን ዕቃ ነው። ታሪክ አለው።"

"እንግዳ በር ላይ ቆሟል፣ ስለ ታሪክ ያወራልኛል! አምጣ!"

እምቢ ልበል? ባጄ እያዩኝ? ሰጠኋቸው። መክተፊያቸውን አምጥተው እኔ ያንኳኳሁት ጉማጅ ላይ አስቀመጡ። ሥጋውን ዘረጉ። ኩክሪውን አንዴ በእጃቸው መዘን አደረጉትና ጀመሩ።

ወገኖቼ፣ እንዴት ልግለጸው?

ያ ሰፊ ሆድ መክተፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሚገፋው የለም፤ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሥጋው ይበተናል፣ ይሰበሰባል፣ ደግሞ ይበተናል። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲጀምር ይመስላል። ይሄን ቢላ ስንት ጊዜ ወልውዬዋለሁ፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ፤ ልክ የማንቆርቆሪያውን ውሃ ሳይ እንደምሆነው።

"ውይ! ራሷ ታውቃለች'ኮ!" አሉ እትዬ ሽታዬ እጃቸውን ሳያቆሙ። "እስከ ዛሬ የት ደብቀሃት ነው?"

"ግድግዳ ላይ።"

"ምን አጥፍታ?"

ከስልኩ ድምፅ ጠፋ። ኔትወርክ ሄደ ብዬ ዞር አልኩ። አልሄደም። ባጄ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘንብለው እየሰሙ ነበር።

ከዚያ የሆነ ነገር አሉ።

"አባዬ እጅ ልይ ይላል" አለች ሱኒታ። "ለመጨረሻው ኩክሪ እጀታ ልኩን ሊያውቅ።"

የእኔ ነው! የመጨረሻው የእኔ ነው! ጣቶቼን ዘርግቼ መዳፌን ካሜራው ፊት ደቀንኩ። በደንብ እንዲታይ አገላበጥኩት። "ስክሪንሾት አንሺው!" ሁሉ ብያታለሁ።

ባጄ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

"ያንተን አይደለም" አለች ሱኒታ፣ ቀስ ብላ። "የእሳቸውን።"

እጄን የት ላድርገው? አየር ላይ ቀረ እኮ! ዞር ብዬ ለእንጦጦ ቻው የምል አስመስዬ አወረድኩት።

እትዬ ሽታዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ለማያውቋቸው ሽማግሌ ዘረጉ። ባጄም ከወዲያ በኩል የራሳቸውን ዘረጉ፤ እሳት የላሰው፣ ጥፍሩ የጠቆረ እጅ። ሁለቱ መዳፎች ስክሪኑ ላይ ተያዩ።

"ክትፎው ደርሷል፣ ብቅ ይበሉ በላቸው!" አሉ እትዬ ሽታዬ።

ተረጎምኩ። ባጄ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሱኒታ ግን ዓይኗን እየጠረገች "እናቴም እንዲህ ነበር የምትከትፈው" አለችኝ።

ቀንቻለሁ? በጣም! ግን ማን ይሟገታል? ቅድም ክትፎውን ቀመስኩት፤ እጅ ያስቆረጥማል። ኩክሪዬም አልተመለሰም፤ "እንግዳው እስኪያልቅ ትቆይልኝ" ተብያለሁ። የመጨረሻው ሲመጣስ? "አውስሃለሁ፤ ግን ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅላት!"

ይህን የምጽፍላችሁ ጉማጁ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ካርዶቹን ልጬ፣ ሁለተኛውን ኩክሪ አውርጄ እየሞከርኩ ነው።

ኳ። ኳ።

እናንተዬ፣ የቤቱ ሰዎች አላችሁ?