ዘይነባና የባሕር ማዶው ፈቃድ

ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ነበር። እኔ ነገር የምጀምረው ከዋጋው ነው፤ ዋጋው ያልታወቀ ነገር ወሬ ነው። በዚያን ጊዜ፣ ወረዳው ሰውን ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ሲያደራጅ፣ መካነ ሰላም ገበያ ላይ በዚህ ገንዘብ ሁለት ደህና በሬ ይገዛ ነበር። መከራከር ለሚችል ማለቴ ነው።

ብሩ የዘይነባ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ጅዳ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ከጅዳ የተመለሰ ምን ይዞ ይመጣል? ብርድ ልብስ፣ ቴፕ፣ ወርቅ። እሷ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራችና በቀረው በዚህ ብር መጽሐፍ አሳተመች። ያውም የጨዋታ መጽሐፍ። ሰፈሩ “ልጅቷን ጅዳ ላይ ነክቷታል” አለ። እኔ አልፈረድኩም፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያለው ሰው በደንበኛው አይፈርድም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ ተራኪ ነው፤ የቀሩት አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዷ ወጌሻ ይሆናሉ። ተራኪው “ከደጎሎ ስትመጡ ወንዙ ሞልቷል፣ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላል። እሻገራለሁ ያለ በየፊቷ ቁጥር የተጻፈባት ባለ ሃያ ፊት ጠጠር ይጥላል። ትልቅ ቁጥር ከወጣለት ተሻገረ። ትንሽ ከወጣለት ኢና ሊላሂ። አሸናፊ የሚባል የለም። አሸናፊ የሌለውን ጨዋታ ማን ይገዛል ብዬ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በእጅ በጻፈችው ቅጂ ቅዳሜያቸውን ሲጨርሱ አየሁ።

ታሪኩ የራሷ ነው፤ የኛው ቦረና፣ የዓባይ በረሃ፣ የጨው ነጋዴዎች። ሕጉ ግን፣ ጠጠሯ እንዴት እንደምትጣልና ስንት ሲወጣ ምን እንደሚሆን የሚናገረው፣ ከአሜሪካ ነው። ጅዳ የአሠሪዎቿ ትልቅ ልጅ ይህን ጨዋታ ሲጫወት አይታ ተማረች፤ ስትመለስ መጽሐፉን ሰጣት። ከመጽሐፉ ኋላ ጨዋታውን ያወጣው የአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ጽፏል፦ ሕጋችንን የፈለገ ይውሰድ፣ የራሱን ታሪክ ጽፎ ይሽጥ፣ ይህን ገጽ ብቻ አብሮ ያትም። በየአገሩ ስንት ደሃ ጸሐፊ በዚህ ፈቃድ ይኖራል አለችኝ። እኔ ነጋዴ በነጻ ሲሰጥ እስከ መቼ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

መልሱ የመጣው ደሴ ላይ ነው። አምስት መቶውን መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ልታነሣ ሄዳ፣ ኢንተርኔት ቤት ብትገባ የጅዳው ልጅ ጽፎላታል። ኩባንያው አዲስ ጨዋታና አዲስ ፈቃድ አውጥቷል። የፈረመ በአዲሱ ይጽፋል፤ ግን በአሮጌው የጻፈውን መሸጥ ይተዋል፤ ኩባንያው ደግሞ በፈለገ ጊዜ ፈቃዱን ይቀይራል። ያልፈረመስ? አንዱ አሮጌው ይጸናል ይላል፣ ሌላው ጠበቃ ያዙ ይላል።

ካርቶኖቹን መደብሬ አራግፋ ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁ።

“ልጄ፣ ማን ከአሜሪካ መጥቶ መካነ ሰላም ላይ ይከስሻል? ከደሴ ያለው መንገድ ራሱ ይመልሰዋል።”

“ጋሼ ይመር፣ የሰው ሐቅ በመንገድ ርቀት አይለካም። ደሞስ በሰው ግቢ ቤት የሠራ፣ በሩን የሚቆልፍበት ሌላ ነው።”

“እና ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ልታቃጥይ ነው?”

“ሕጉን ብቻ ነው የማወጣው።”

አወጣችው። ሕጉ ከመጽሐፉ መሃል ነበር፤ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ወረቀት። እያንዳንዱ መጽሐፍ የተሰፋበትን ሁለት ሽቦ፣ በጠቅላላው ሺህ ሽቦ በቢላ ጫፍ ነቀለች። ቆጥሬያለሁ። አንድ ገጽ አልቀደደችም።

በቦታው ምን ገባ? በእኔ ማሽን የተባዛ የእንቆቅልሽ ሕግ። ወንዝ መሻገር የፈለገ ጠጠር መጣሉ ቀረ፤ ተራኪው እንቆቅልሽ ይጠይቀዋል። ከፈታ ያልፋል። ካልፈታ፣ እንደ ደንቡ፣ “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ በመጽሐፉ ካርታ ላይ ከያዛቸው አምስት ከተሞች አንዱን ያስረክባል። “የእንቆቅልሽ ባለቤት ማነው? ማን ይቀይርብኛል?” አለች። አርባ ዓመት ነግጄ እንዲህ ያለ የማያልቅ ዕቃ በነጻ ያገኘ ሰው አላየሁም።

ልሞክረው ብዬ ተማሪዎቹ መሃል ተቀመጥኩ። “ራሱ አይሄድም፣ ሰውን አገር ያደርሳል” አሉኝ። ሚኒባስ አልኩ። ምን አጠፋሁ? እኛ ዘንድ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆሞ አይደል የሚውለው? መንገድ ነው አሉና አገር ስጡን አሉኝ። የደጎሎ ስንዴ አሳሳኝ።

“የደጎሎን ግማሽ” አልኩ።

“ጋሼ ይመር፣ አገርም በችርቻሮ ሆነ?” አለችኝ አንዷ።

በመጨረሻው ገጽ ዘይነባ የራሷን ፈቃድ ጻፈች፦ “በዚህ ሕግ የአገሩን ታሪክ የሚጽፍ ይጻፍ፣ ይሽጥ። ይህን ፈቃድ እኔም ብሆን መልሼ መውሰድ አልችልም።” ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ተቃወምኩ። የገዛ እጁን የሚያስር ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ አልኳት።

“እጄን ሲርበኝ አውቀዋለሁ” አለች። “ስጠግብ ምን እንደሚያደርግ ግን ገና አላየሁትም።”

ብዙም ሳይቆይ የአቀስታ አስተማሪ ስለ ውርጭ ጽፎ መጣ፤ ቀጥሎ የኩታበር ልብስ ሰፊ ስለ ጠፋች ሙሽራ ጻፈች። ሁለቱም ፎቶ ኮፒ ያደረጉት እኔ ጋ ነው።

እንግዲህ አደነቅኳት፤ ነጋዴ ሲያደንቅ ደግሞ ሸሪክ መሆን ያምረዋል። ሁለተኛውን እትም እኔ ላሳትም፣ ትርፉን እኩል እንካፈል ብዬ ውል አረቀቅሁ። በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ጣቷ ቆመ። “አሳታሚው ክፍፍሉን እንደ ሁኔታው ማሻሻል ይችላል” ይላል።

“ጋሼ፣ ይቺም ከአሜሪካ ናት?”

“የለም፣ የዚሁ የቤታችን ናት” አልኩና ሰረዝኳት።

ሂሳቡን ልዝጋው። ከመጀመሪያው እትም አራት መቶ ሠላሳው በሃያ ሃያ ብር ተሸጠ፤ ሰባው ለትምህርት ቤቶች በነጻ ሄደ። ለእኔ ፎቶ ኮፒ ሺህ አምስት መቶ ስለ ከፈለች፣ ዘይነባ አራት መቶ ብር ከሰረች። እኔ ከወረቀትና ከቀለም ስድስት መቶ ተረፈኝ። ሁለተኛው እትም ለእያንዳንዳችን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አገባልን። ተራ ቁጥር ሰባት ብትኖር ለእኔ ሦስት ሺህ ይደርሰኝ ነበር፤ ስምንት መቶ ብር ጎደለብኝ ማለት ነው። በሐቀኝነቱ የከሰረ ሰው ሲያማርር ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ የከሰርኩት በሰው ሐቀኝነት ነው።