ለሁሉም የየራሱ መርዶ

ሰው የጎረቤቱን፣ የዘመዱን፣ የማያውቀውንም ሰው መርዶ ሲሰማ ኖሮ የራሱን ሳይሰማ ይሞታል። ከአዳም ጀምሮ ያልተስተካከለ ጉድለት ነው። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ያውም አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ከተከራየሁት ክፍል ሳልወጣ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ገሚሱ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ገሚሱ እንደኔ ኪራይ ቤት ፍለጋ ወጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ጎረቤቱ ራሱ ሩቅ ሲሆንስ? ተረቱ እዚህ ጋ ዝም ይላል። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ ቢሮ አልሄድም። እናትና አባቴ አርፈዋል። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የምነጋገረው ዳቦ ስገዛ ብቻ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ቁጥብ ሰው ነው። ብቸኝነት ከባድ ነው፤ በሌላ ቃል ላሳምረው ብል አልችልም።

ከሰፈሩ የተረፈን እድራችን ብቻ ነው፤ እኔም በአባቴ ቦታ አባል ነኝ። ግን ጥሩምባ ነፊው ለተበተነ ሰው ምን ያድርግ? ፍርስራሹ ላይ ቆሞ ቢነፋ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ሊቀመንበራችን ጋሽ ተፈራ ደወሉልኝና፣ አንተ የኮምፒዩተር ሰው አይደለህ፣ መርዶውን በስልክ መልእክት አድርግልን አሉኝ። ደግሞ ጠንቃቃ ናቸው፤ ማንም ሳይሞት በፊት ይሞከር ብለው አዘዙ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአባላቱ ስምና ስልክ በዝርዝር ተቀምጧል፤ በሙያችን አሬይ እንለዋለን። ማፕ የሚባል ትእዛዝ ደግሞ አለ። ማፕ ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ አንዱን እያነሳ እናንተ ለሰጣችሁት ትንሽ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ብቻ ለሚሠራ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ያቀብላል፤ ፈንክሽኑ የመለሰውን ተቀብሎ በአዲስ ዝርዝር ላይ በተራው ይደረድራል። ያ ትንሽ ፈንክሽን ኮልባክ ይባላል። ወፍጮ ቤት በሉት፤ እህል ገብቶ ዱቄት ይወጣል። ልዩነቱ፣ እዚህ እህሉም እንዳለ ጆንያው ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ ወፍጮ ቤት ካዛንቺስ ቢኖረን ኖሮ ወረፋው ባምቢስ ሱፐርማርኬት ድረስ ይደርስ ነበር። ሰፈሩ እንዳልነበር ሆኖ ዝርዝሩ ብቻ እንዳለ መቀመጡም አንዳንዴ ይገርመኛል።

የእኔ ኮልባክ ሥራው አንድ አባል ተቀብሎ አንድ መልእክት መመለስ ነበር። መልእክቱ ሁለት ክፍት ቦታ አለው፤ አንዱ ለሚላክለት ሰው ስም፣ ሌላው ለሟቹ። ሟቹን ለብቻው መስጠት ነበረብኝ። የሞተ ሰው ስላልነበረ ዘነጋሁትና ሁለቱንም ቦታ በዚያው በተቀባዩ ስም ሞላሁት። በማግስቱ ጠዋት እያንዳንዱ አባል ይህን አነበበ፦ ውድ እገሌ፣ አባላችን እገሌ ስላረፉ ነገ በስድስት ሰዓት በቀብሩ ላይ እንዲገኙ፤ ለበለጠ መረጃ በዚህ ቁጥር ይደውሉ፤ ይህ ሙከራ ነው። ቁጥሩ የእኔ ነው። መጨረሻ ላይ ሙከራ ነው ማለቴን ልብ በሉልኝ። ግን የቀብሩን ሰዓት ካነበበ በኋላ ቀጥሎ ያለውን የሚያነብ ማን ነው?

መጀመሪያ የደወሉት የድሮ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ልጃቸው መልእክቱን አንብባ ጩኸቷን ስትለቀው እሳቸው አጠገቧ ቁጭ ብለው ሽንኩርት እየላጡ ነበር። አንተ ልጅ፣ መሞቴን ማን ነገረህ ብለው ተቆጡኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ምነው ድምፅህ ከሳ፣ አትበላም እንዴ አሉኝ። ስንት ጊዜዬ ነው ስለ መብላቴ ሰው ከጠየቀኝ!

ሐጂ ሸምሱ ቀጠሉ፤ የድሮው ሰፈር ባለሱቅ ናቸው። የእሳቸው ቅሬታ ስለ መሞታቸው አልነበረም። እሺ ሞትኩ በቃ፣ ግን እስከ ነገ ምን አስቀመጠኝ፣ እኛ እኮ ሬሳ አናሳድርም ብለው ወቀሱኝ። ከዚያ አባቴን አነሱ፤ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ሌላ ወሬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከወሎ ሰፈር የደወለው አባል ደግሞ የእድሩን ደንብ ጠቀሰልኝ፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል አይደል፣ በራሴ ቀብር ብቀርም ልቀጣ ነው ወይ አለኝ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይስቃል፤ ሁሉም ግን ሳይዘጋ፣ አንተስ እንዴት ነህ ይላል።

ጋሽ ተፈራ ደውለው በቁጣ፣ አሁኑኑ አስተካክል አሉኝ። ማስተካከያው አንድ መስመር መልእክት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ አልነካሁትም። ስጠብቀው የከረምኩትን እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ላባርረው?

በመጨረሻ፣ ይቅርታ፣ ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ የሚል መልእክት ላክሁ። ስልኬ ጸጥ አለ። ከጋራዡ መዶሻ በቀር የሚሰማ የለም።

የራሴን መልእክት ያየሁት ያኔ ነው፤ እኔም አባል ነኝና ስሜ ሁለቱም ቦታ ላይ ተቀምጧል። በጥሩምባው ዘመን አንድ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። በእኔ አሠራር ግን ለሁሉም የየራሱ ብቻ ነው የደረሰው፤ የእኔን መርዶ ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ማስተካከያውም፣ ኔትወርክ ይሁን ምን፣ ለእኔ አልደረሰኝም።

መቼም አባል ነኝ፣ ቅሬታ ማቅረብ መብቴ ነው። ለበለጠ መረጃ ወደተባለው ቁጥር በዚያው በራሴ ስልክ ደወልኩ። የደወሉለት መስመር ተይዟል አለችኝ የቴሌዋ ሴትዮ። ደስ አለኝ፤ ለካ አሁንም የሚደውልልኝ ሰው አለ።