ነባር የጠፋበት ዕድር

መጥቶ ሳይሰነብት ሥራ የሚያገኝ ሰው አያስጠረጥራችሁም? እኔን ያስጠረጥረኛል። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥማ የባሰ!

ከገረሴ ወርዶ ሰፈራችን የገባው ዳንኤል ሳይውል ሳያድር የሙዝ ንግድ ጀመረ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰው ሲሞት የዕድራችንን ድንኳን ቀድሞን ይተክላል፤ አባል እንኳ ሳይሆን! ምን አስቦ ነው? ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። ይኸው፣ ዕድር ልግባ ብሎ ጠየቀ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ተፈራ ከጎጃም በመምህርነት መጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በስብሰባው ላይ ተነሱና «ሰፈሩ ሞልቷል። ከእንግዲህ መጤ የሚገባው እዚህ የተወለደ ዋስ ሲጠራ ብቻ ነው» አሉ። እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ዋስ ማን ነበር?» አሉ እትዬ ማርታ።

«ባለቤትሽ ነዋ!»

«እሱማ ከምዕራብ ዓባያ ነው የመጣው።»

ገንዘብ ያዡ ከወላይታ፣ ጸሐፊው ከጨንቻ ሆነው ተገኙ። እኔ? የእኔን ምን አስጠየቃችሁ? እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ አዲስ አበባ ገብተው መጤ ሆነዋል።

«እንግዲያው ሁላችንም ዋስ ያስፈልገናል» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ድምፃቸው ቀዝቅዞ።

ከተሰብሳቢው መሀል እዚህ የተወለደ አንድ ብቻ ተገኘ፤ በእናቱ እቅፍ ያለው የዳንኤል ጨቅላ። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠጋ አሉት። ሕፃኑ ግንባሩን ቋጥሮ ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ተከለና እሪ አለ።

እስከ ዛሬ ዋስ አላገኘንም።